ትሞታለች ብሎ የወደዳት

ባል ያለ ምክንያት ደግ ከሆነ ምክንያት አለው ማለት ነው። ይህን ያሉት የቀፊራ ገበያ ቅመም ሻጮች ናቸው። ያሉትም ሚክዳድ የጨርቅ ሱቁን ከሌላው ነጋዴ ሁሉ ቀድሞ ዘግቶ፣ ጃንጥላ ይዞ፣ ሚስቱን ሊወስድ በሽንኩርትና በቃሪያ ክምር መሀል ብቅ ባለ ቀን ነው።

ጃንጥላ! ድሬዳዋ ላይ ወንድ ልጅ በቀትር ሽርጡን አገልድሞ ወደ ጫት በርጫው ይሄዳል እንጂ ለሚስቱ ጃንጥላ ይዞ ገበያ ሲዞር ማን አይቶ ያውቃል?

«ቱሪያ፣ ሰውዬሽ መጣ» አለች አጠገቧ ዝንጅብል የምትሸጠው ተሻለች፣ ድምፅዋን ዝቅ እንኳ ሳታደርግ። «አቦ ምን አቅምሰሽው ነው? ለኛም ንገሪንና የየቤታችንን ድንጋይ እናለስልስበት!»

ሴቶቹ ሳቁ። ቱሪያም የሻሿን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ሚክዳድ ግን አልሳቀም። የአብሽ መስፈሪያውን ከእጇ ተቀበላትና «አንቺ ጥላው ውስጥ ቁጭ በይ፣ እኔ እሸጣለሁ» አላት። ጨርቅ በሜትር ሲለካ ያደገ ሰው አብሽ መስፈር ከየት ይመጣለታል፤ ለአንዲት ደንበኛ እጥፍ ሰፍሮ ሰጣት። በሌላ ጊዜ ቢሆን ቱሪያ ትጮህ ነበር። ያን ቀን ግን ዓይኑን አየችና ተወችው። ሩቅ አገር የሚሄድ ሰው እንደሚሸኝ ነበር የሚያያት፤ ከፊቷ ላይ አንድም ነገር እንዳያመልጠው።

ቱሪያ ይህን አስተያየት ፍቅር ነው አለችው። ማን ይፈርድባታል? ልቧ በዚያ ሁሉ ሙቀት ውስጥ እንደ ልጃገረድ ሲመታ ተሰማት።

ከተጋቡ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል። ሚክዳድ የመጋላ ጨርቅ ነጋዴ ልጅ ነው፤ አባቱ ከሞቱ ወዲህ ሱቁም ቤቱም የእናቱ የአዴ ኢዲል ነው ማለት ይቻላል። ቱሪያ ደግሞ እናቷ ከመልካ ጀብዱ በጋሪ ቃሪያ እያመላለሰች ያሳደገቻት የቀፊራ ልጅ ናት። ሲጋቡ አዴ ኢዲል ሠርጉ ላይ ተገኝተዋል፤ መገኘት ብቻ። ለእህታቸው በሶማልኛ «እጇ ቅመም ቅመም ይላል» ብለው ያንሾካሾኩትም ሙሽሪት ጆሮ ደርሷል። ድሬ ላይ እንደሆነ በሌላ ቋንቋ ማማት የሚባል ነገር የለም።

ያም ሁሉ ይረሳ ነበር፣ ልጅ ቢመጣ። አልመጣም። የወር አበባዋ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ወራት ይጠፋል። በጠፋ ቁጥር ቤቱ በሙሉ ይጠብቃል፤ አዴ ኢዲል ዓይናቸውን ሆዷ ላይ ጥለው ይከርማሉ። ከዚያ ይመጣል። ማንም ምንም አይልም። ቱሪያን የሚያንገበግባት ያ ምንም አለማለታቸው ነው። አገጯ ላይ የሚበቅለውን ፀጉር በር ዘግታ በክር ትነቅላለች። ሰውነቷ ብትበላም ባትበላም ይጨምራል። አማቷ «ማህፀኗን የዘጋው ጮማው ነው» ሲሉ ሰምታ ምሳ እስከመተው የደረሰችበት ጊዜም ነበር።

ከረመዳን ማግስት አዴ ኢዲል ነገሩን አፍረጠረጡት። የአንድ ወዳጃቸው ልጅ አለች፤ አያን ትባላለች፤ ጅግጅጋ ናት፤ ልጅ እግር፣ ጨዋ። ሸሪዓው ይፈቅዳል። ቱሪያም ትቀመጥ፣ ማንም አይነካትም። ግን እስከ አረፋ ድረስ ልጅ ካልተሰማ አያን ትመጣለች። ሚክዳድ ይህን ሲሰማ መጋረጃውን እያየ ዝም አለ። እምቢ አላለም። ቱሪያ ሁሉንም ነገር ልትረሳ ትችላለች፣ ያን ዝምታ ግን አትረሳም።

ሐኪም ዘንድ የሄደችው በዚያው ሰሞን ነው፤ ብቻዋን። ዶክተር ማርቲ የምትባል ወጣት ሐኪም በመሣሪያው ሆዷን እያየች ስክሪኑን ወደሷ አዞረችላት።

«እነዚህን ትናንሽ ጥቁር ክቦች አየሻቸው? እንቁላሎችሽ ያሉት እዚህ ውስጥ ነው። ብዙ ናቸው። ይጀምራሉ፣ ግን ሳይበስሉ እዚያው ይቆማሉ። ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ይባላል፤ ብዙ ሴት አለባት። መኻን አይደለሽም።»

ቱሪያ ከዚያ ሁሉ የሰማችው የመጨረሻውን ነው። ባጃጅ ውስጥ ገብታ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች፤ ሹፌሩ ሰው የሞተባት መስሎት «አላህ ያጽናሽ እህቴ» አላት።

መድኃኒቱ ሌትሮዞል ይባላል። «የወር አበባሽ እንደመጣ ለጥቂት ቀን ትውጪዋለሽ፤ እንቁላሉ እንዲበስል ይረዳል» ብላታለች ሐኪሟ። «ወረቀቱ የጡት ካንሰር መድኃኒት ነው ይላል፤ እንዳትደነግጪ። መጀመሪያ የተሠራው ለዚያ ነው። አሁን ላንቺ ዓይነቱም እንሰጠዋለን።» ድሬ ላይ በዚያ ሰሞን ጠፍቶ ስለነበር በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና የሚነዳው ወንድሟ ሳሃል ማዘዣውን ይዞ ሄዶ ከዚያ አመጣላት።

ለባሏ አልነገረችውም። ጨክና አይደለም። ሚክዳድ ልቡ ውስጥ የገባ ነገር ውሎ ሳያድር እናቱ ጓዳ ይደርሳል፤ አመሉ ነው። እሷ ደግሞ ተስፋዋን ቤቱ ሁሉ ቁጭ ብሎ እንዲጠብቅላት አልፈለገችም። ከከሸፈ ብቻዋን ልታለቅስበት ፈለገች። የመጀመሪያው ዙር ከሸፈ፤ ብቻዋን አለቀሰች። ሁለተኛውን ስትጀምር ለማንም ያልነገሩት ተስፋ ምን ያህል እንደሚከብድ ገባት።

* * *

እንግዲህ የሚክዳድ ደግነት ምክንያቱ ይህ ነው።

አንድ ቀን የመጋዘን ቁልፍ ጠፍቶበት የሚስቱን ቦርሳ ከፈተ። ቁልፉን አላገኘም። ያገኘው ጥቂቱ የተዋጠ የክኒን እሽግና ብዙ ጊዜ የታጠፈ ወረቀት ነው። ወረቀቱ በፈረንሳይኛ ነው። ሌላ ከተማ ቢሆን ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር፤ አንባቢ ከየት ተገኝቶ! ድሬ ላይ ግን ፈረንሳይኛ የሚያውቅ ሽማግሌ ከሁለት ቤት በላይ አይርቅም።

ጋሽ በዛብህ ምድር ባቡር ውስጥ አርጅተው ጡረታ የወጡ የሰፈሩ ሰው ናቸው። የድሮው ባቡር ከቆመ ስንት ዘመኑ፤ የሳቸው ፈረንሳይኛ ግን አልቆመም። ከጅቡቲ የገባ ዕቃ ሁሉ መመሪያው ሳቸው ዘንድ ይነበባል።

«ጋሼ፣ እስቲ ይሄን አንብብልኝ። የምን መድኃኒት ነው?» አለ ሚክዳድ። አንቱታ ድሬ ላይ ለእንግዳ ነው፤ ጋሽ በዛብህም አልከፋቸውም።

መነጽራቸውን አጠለቁ። ሲጀምሩ ድምፃቸው ጣቢያ ላይ መንገደኛ እንደሚጠራ ሰው ደመቅ ያለ ነበር። ከዚያ ዝቅ አለ።

«የማን ነው?»

«የ... የአንድ ሰው ነው።»

ሽማግሌው ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉት። «ልጄ፣ ይሄ የካንሰር መድኃኒት ነው። የጡት ካንሰር።»

«ደግመህ አንብበው።»

ደግመው አነበቡት። አንድም ቃል አልዋሹም። አንድ መስመር ግን ዘለሉ፦ መድኃኒቱ የሚሰጠው የወር አበባቸው ለቆመ ትልልቅ ሴቶች መሆኑን የሚናገረውን። እንዲህ ያለውን የሴት ጉዳይ ከጎረቤት ልጅ ጋር ቁጭ ብሎ ማውራት ነውር መሰላቸው። ያችን መስመር ቢያነቧት ሚክዳድ «የኔዋ እኮ ገና ወጣት ናት» ብሎ በተጠራጠረ፣ ይህ ሁሉ ጣጣም ባልመጣ። ጨዋነት አንዳንዴ እንዲህ ሰው ይጎዳል።

ሚክዳድ ሚስቱን አልጠየቃትም። የደበቀችኝ እንዳላውቅ ፈልጋ ነው አለ። ሱቁ ገብቶ፣ ከጥቅል ጨርቆቹ ኋላ ተቀምጦ አለቀሰ። ሰባት ዓመት አብሯት ሲኖር ያላያቸው ነገሮች በአንድ ቀን መጡበት፦ ሲያስነጥሰው ከሌላ ክፍል ሆና «አልሐምዱሊላህ በል!» ብላ የምትጮህበት፣ ስትናደድ ኦሮምኛውንና አማርኛውን የምትደባልቅበት፣ ተኝታ እንኳ እጅጌውን ይዛ የማትለቅበት። ስለ አያን ሲነሳ መጋረጃ እያየ ዝም ያለበት ቀን ትዝ ሲለው ግንባሩን ከግድግዳው ጋር አጋጨው። ሊያጣት ነው ብሎ ባመነ ሰዓት ወደዳት፤ ሲያገባት ከወደዳት ይልቅ ወደዳት።

እና እንደ አመሉ፣ ለእናቱ ነገራቸው።

* * *

በነዚያ ሳምንታት ቱሪያ እንደገና ሙሽራ ሆነች። ከዐስር ሰላት በኋላ ግቢው ጥላ ሲሆን ሚክዳድ ሐብሐብ ይቆርጥላታል፤ ፍሬውን አንድ በአንድ ለቅሞ። ውሃ እንዳታነሳ፣ ፀሐይ እንዳይመታት፣ ድምፅ እንዳያስደነግጣት ይጠብቃታል። አዴ ኢዲል ሳይቀሩ «ልጄ» ማለት ጀመሩ፤ የዋሂል ማር ነው ብለው ማሰሮ ሙሉ ላኩላት። ቱሪያ ማሩን እያየች ‹ይቺ ሴትዮ ምን ነካት?› ትላለች በልቧ። ግን ደግነት ጣፋጭ ነው፤ ብዙ አይመረመርም።

አንድ ቀን ሐብሐቡን ቆርጦ ሲጨርስ ቢላዋውን እንደያዘ ቀና ብሎ አያት።

«ቱሪዬ።»

«ወይ።»

«ልጅ ቢቀርብኝ ይቅር። አንቺ ትበቂኛለሽ።»

የያዘችውን ሐብሐብ ሳህኑ ላይ መለሰችው። «ምን አልክ?»

«ሰምተሻል።»

ሰባት ዓመት የጠበቀቻት ቃል ይህች ነበረች። ያን ዕለት ሁሉንም ልትነግረው ቆረጠች፤ ክኒኑን፣ ወንድሟን፣ የከሸፈውን ዙር። ግን ከነገ ወዲያ ቀጠሮ ነበራት፤ ትንሽ ልታገሥና መልካም ዜና ይዤ ልንገረው አለች።

አንድ ነገር ብቻ ይከነክናታል። ሚክዳድ አይነካትም። አልጋውን ለሷ ትቶ ሳሎን መጅሊሱ ፍራሽ ላይ ማደር ጀምሯል። «አረፍ በይ፣ እንዳልረብሽሽ ነው» ይላታል። ፀጉሯን ይዳብሳል፣ ግንባሯን ይስማል፣ መብራቱን አጥፍቶ ይወጣል። እንዲህ ያለ ፍቅር ታውቃለች፤ ሰው ለታመመች እናቱ ያለው ፍቅር ነው። ቢሆንም ደስታው ከእጇ እንዳያመልጣት ብላ ሐሳቡን ገፋችው።

ቀጠሮው ዕለት ዶክተር ማርቲ ስክሪኑን ረጅም ጊዜ አየችና ፈገግ አለች።

«ቱሪያ፣ ይኸውልሽ፤ አንዱ በስሏል። እንዴት እንደሚያምር እይው! ዛሬና ነገ፣ ግፋ ቢል ከነገ ወዲያ ነው ጊዜው። ባልሽ ከተማ ውስጥ አለ?»

«አለ።»

«ስለ ሕክምናው ያውቃል?»

«ዛሬ እነግረዋለሁ።»

«ንገሪው። እሱም መመርመር ነበረበት። ባለፈው ዙር ሰውነትሽ እምቢ ብሎ ነበር፤ ዛሬ እሺ ብሏል። በሚቀጥለው ምን እንደሚል ቃል ልገባልሽ አልችልም፤ ስለዚህ እንዳያመልጥሽ።»

ቱሪያ ከክሊኒኩ ስትወጣ ፀሐዩ አናቷን ሲመታት አልተሰማትም። ከሰው ሁሉ ተለይታ አንድ የበሰለ ነገር ተሸክማ የምትሄድ መሰላት፤ ባጃጁ ጉድጓድ ውስጥ በገባ ቁጥር «ቀስ በል አቦ!» እያለች ሹፌሩን አስመረረችው።

* * *

ቤት ደርሳ ቢጫ ቀሚሷን ለብሳ ሳትጨርስ አዴ ኢዲል ገቡ። ምራታቸው ክፍል ራሳቸው መጥተው አያውቁም፤ ያስጠራሉ እንጂ። አልጋው ላይ ይቀመጣሉ ስትል እሳቸው ምንጣፉ ላይ፣ ከሷ ዝቅ ብለው ተቀመጡ። ቱሪያ ደነገጠች።

«አዴ፣ ተነሺ እንጂ! ምን ሆነሽ ነው?»

«ተይኝ። እዚሁ ነው የሚገባኝ።» ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «አውፍ በይኝ ልጄ፣ ይቅር በይኝ።»

«ምን አድርገሽኝ?»

«ብዙ። አንቺም ታውቂያለሽ፣ እኔም አውቃለሁ፣ አላህም ያውቃል። ሰው እንዲህ ያለ ደዌ ይዞት እያለ የበደለው ሰው አውፍታ ሳይጠይቀው መቅረት የለበትም። ቀድመሽኝ ብትሄጂ ከማን አገኘዋለሁ?»

«የት ነው የምሄደው? የምን ደዌ?»

አዴ ኢዲል እጇን ያዙ። «አትደብቂኝ። ሚክዳድ ነግሮኛል። ከጅቡቲ የመጣውን መድኃኒት ወረቀት ጋሽ በዛብህ አንብቦለታል። የጡትሽን ነገር አውቀናል። እስከ ዛሬ ያልጠየቅንሽ ልብሽ እንዳይሰበር ብለን ነው።»

ቱሪያ ሳታስበው ደረቷን በእጇ ሸፈነች።

«የአያንንም ነገር ትቼዋለሁ» አሉ አሮጊቷ፣ እንደሚያጽናኑ። «ልጄ ራሱ ወላሂ ብሎ ምሎልኛል። ‹ሆዮ፣ ቱሪያ በሕይወት እያለች በላይዋ ሴት አላመጣም› አለኝ። እኔም ሀየ፣ እሺ አልኩት። ለነአያን ቤተሰብ ትጠብቅ፣ ትንሽ ጊዜ ነው ብዬ መልእክት ልኬላቸዋለሁ። አንቺ ምንም አታስቢ።»

ትጠብቅ። ትንሽ ጊዜ ነው። ጃንጥላው፣ ሐብሐቡ፣ ማሩ፣ የመጅሊሱ አዳር፣ ሁሉም ተራ በተራ መጥቶ ከፊቷ ተደረደረ። ‹አንቺ ትበቂኛለሽ› ያላትም መጣ፤ እሱ ግን አልፎ አልሄደም።

ትልቅ ሴት መሬት ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ ‹ተሳስተሻል› ብሎ መጀመር አይቻልም። «አውፍ ብያለሁ አዴ» አለቻቸው። «ከልቤ።» እውነቷን ነው፤ በዚያች ሰዓት የተቀየመችው እሳቸውን አልነበረም። ሴትዮዋ ቀልሏቸው ሲወጡ ሸክሙ ሁሉ ወደሷ ዞረ።

* * *

ሚክዳድ ሱቅ ዘግቶ ሲመጣ ፀሐይ ልትጠልቅ ጥቂት ቀርቷት ነበር። ቱሪያን በቢጫ ቀሚስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አገኛት። አምራ ስላያት ፊቱ ፈካ፤ ወዲያው ደግሞ ጠቆረ፤ ውበቷ አሁን አሁን ያሳዝነው ነበር።

«ሚክዳድ» አለችው። «የምሞተው መቼ ነው?»

በሩ ላይ ደርቆ ቀረ። «ምን ትያለሽ?»

«ለኔ ካልነገርከኝ ለማን ልትነግር ነው? ለእናትህ ነግረሃታል፤ ለአያን ቤተሰብ ተልኳል። የሚሞተው ሰው ብቻ ነው ያልሰማው።»

«ቱሪዬ...» ድምፁ ተሰበረ። መጥቶ እግሯ ሥር ተንበረከከ። «የደበቅሽኝ መስሎኝ ነው። እንዳላስጨንቅሽ ብዬ ነው። አዲስ አበባ እወስድሻለሁ፤ ከዚያም ከጠፋ ሌላ አገር። ሱቁን እሸጠዋለሁ፤ ወላሂ እሸጠዋለሁ።»

ሱቁን! ለአንድ አፍታ ሁሉንም ትታ አንገቱን ልታቅፈው ቃጣት። ራሷን ያዘች።

«ካንሰር የለብኝም» አለች። «መድኃኒቱ እንቁላል ያበስላል። ሐኪም ያዘዘልኝ ልጅ እንድወልድ ነው። ወረቀቱ የሚናገረው የሌላ በሽታ ነው፤ ለሁለቱም ይሰጣል። ጤነኛ ነኝ ሚክዳድ። አልሞትም።»

ሁለት ጊዜ አስደገማት። ከዚያ ግንባሩን ምንጣፉ ላይ ደፍቶ ሱጁድ ወረደ፤ ሲነሳ እየሳቀም እያለቀሰም ነበር። እጆቿን ሳመ፣ መዳፏን ፊቱ ላይ አሸ። «አልሐምዱሊላህ! ትኖሪያለሽ! ትኖሪልኛለሽ!» አለ። ቱሪያም አለቀሰች፤ ደስታው እውነተኛ መሆኑን የሚጠራጠር ልብ አልነበራትም። ሁሉንም ነገረችው፤ ክቦቹን፣ የከሸፈውን ዙር፣ የዛሬውን።

«በስሏል አለችሽ?» አለ። «ዛሬ?»

«ዛሬና ነገ። ግፋ ቢል ከነገ ወዲያ።»

ያን ጊዜ ነው ያየችው። ስንት ሳምንት ከፊቷ ላይ ያልተነሳው ዓይኑ ቁልቁል ወርዶ ሆዷ ላይ አረፈ። ልክ እንደ እናቱ። አንድ አፍታ ብቻ ነው፤ እሱ ራሱም አላወቀው። ቱሪያን ግን ብርድ ገባት፤ በድሬ፣ በዚያ ሙቀት።

እጇን ከእጁ ውስጥ ቀስ ብላ አወጣች።

«ያን ዕለት ያልከኝን ድገምልኝ።»

«የቱን?»

«ልጅ ቢቀርብኝ ይቅር፣ አንቺ ትበቂኛለሽ ያልከውን። ያን ለምትሞተው ሴት ነው ያልከው። አሁን ለማትሞተው በላት። ይሄ ቢከሽፍ፣ ሌላው ቢከሽፍ፣ ሁሉም ቢከሽፍ፣ አብሬህ ባረጅ፣ እናትህ በየዓመቱ ሌላ አያን ብታመጣ፣ ቤቱም እንደዚሁ ጭር እንዳለ ቢቀር። በላት።»

ሚክዳድ ሊዋሻት ቢፈልግ ይችል ነበር፤ ባሎች በዚህ በኩል አይቸገሩም። አልዋሸም።

«ያኔ ቀላል ነበር» አለ በመጨረሻ፣ በጣም ቀስ ብሎ። «ትንሽ ጊዜ ነው ብዬ ነበር። ለትንሽ ጊዜ ሁሉንም መተው ይቻላል። አሁን የምትጠይቂኝ ዕድሜዬን ሙሉ ነው። እወድሻለሁ ቱሪዬ። ግን እንዳልዋሽሽ... አላውቅም።»

«ብትዋሸኝ ይሻለኝ ነበር።»

«መሐላዬን አልበላም። በሕይወት እያለች ብዬ ምያለሁ፤ በሕይወት አለሽ። አያን አትመጣም። አለቀ!»

«መሐላህን አይደለም የጠየቅሁህ። በመሐላ የታሰረ ሰውማ እስረኛ ነው፤ ምን ላድርገው?»

ሚክዳድ እጁን ዘርግቶ ጉንጯን ነካ። እንደ በሽተኛ አልነበረም አነካኩ፤ የባል ነበር፤ ስትናፍቀው የከረመችው። ሰውነቷ ሁሉ ወደ እጁ ዘነበለ።

«ይሄን ቀስ ብለን እንነጋገርበታለን» አለ በለሆሳስ። «ዕድሜ አለን አይደል? ይሄ ግን አይጠብቅም። እንዳያልፍብን።»

ልክ ነው። አይጠብቅም። ሰባት ዓመት የለመነችው ነገር እነሆ በሆዷ፣ ባሏ እነሆ በአጠገቧ፣ በዚያ ላይ ትወደዋለች። እሺ ለማለት አንድ ቃል አያስፈልጋትም፤ ዝም ማለት ብቻ ይበቃ ነበር።

ጉንጯን ከመዳፉ አራቀች።

«ዛሬ አይሆንም። ነገም አይሆንም።»

«ቱሪያ! አብደሻል? ሰባት ዓመት እኮ ነው!»

«ስማኝ። ልጁ ከመጣ በጣም ትወደኛለህ፤ አውቃለሁ። እናትህም ትወደኛለች፣ ሰፈሩም ይወደኛል። ግን አንተ የወደድከው እኔን ይሁን እሱን ሳላውቅ እሞታለሁ። ያኔ ደግሞ የእውነት ነው የምሞተው። ስንት ዘመን እኔ ሳልሆን ሆዴ ሲታይ ኖሬያለሁ። መልስህ ሳይመጣ ልጁ አይምጣ።»

«ሌላ ጊዜ ባይበስልስ?»

«አላውቅም» አለች። «አየህ፣ እኔም እንዳንተ አላውቅም።»

«ቀኑስ? ዝም ብለን እያየነው ይለፍ?»

«ይለፍ።»

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ለራሷም አመማት። ሳታዘው እጇ ሆዷ ላይ ሄደ፤ እዚያ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የበሰለላት ነገር ሳያጠፋ የሚቀጣ ልጅ መስሎ ታያት፤ ይቅርታ ልትለው ፈለገች፤ ምን ብላ እንደምትጠራው ግን አላወቀችም። ሚክዳድ ቆሞ፣ የሚሄድበት እንደጠፋው ሰው ክፍሉን ዙሪያውን አየ፤ ከዚያ በሩ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠና ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። ከመስጊዱ የመግሪብ አዛን ሲሰማ አልተነሳም። እሷም ና አላለችውም፣ ሂድም አላለችውም።

«ይለፍ» አለች ደግማ፣ እንባዋን በቢጫው ቀሚስ እጅጌ እየጠረገች። ቀኑ ሳያልፍ መልሱን እንዲናገር ግን፣ ከሰባት ዓመት ዱዓዋ ሁሉ በላይ፣ በልቧ እየለመነችው ነበር።